ዳማ የምታርፍበት ሜዳ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጆሮዬ ሥራ ፈት ሆኗል። እጄስ ግድ የለም፤ አጥር ያጠብቃል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይዘጋል፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ካለው ግቢዬ ክፍል ለተከራዩት ተማሪዎች የወላለቀ ወንበር ይጠግናል። ጆሮዬ ግን ዕድሜ ልኩን ካምቢዮ ሲያዳምጥ ኖሮ የሚያዳምጠው ቢያጣ በመንገድ በሚያልፈው ሁሉ ላይ ፍርድ መስጠት ጀመረ። የዚህ ሚኒባስ ፍሪሲዮን አልቋል፣ ያ ባጃጅ ዘይት ጠምቶታል እያልሁ ብቻዬን አጉረመርማለሁ። ባለቤቴ ስትሰማኝ "ጡረታ የወጣው ሰውየው ነው ወይስ ደመወዙ ብቻ?" ትለኛለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጥላ ሥር ጋደም ብዬ ሳለሁ ከታች ከመንገዱ አንድ ድምፅ መጣ። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ነበርሁና መጀመሪያ ሕልም መሰለኝ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ድንገት ድምፁ ይወርዳል፣ መልሶ ይጮኻል። ዓይኔን ሳልገልጥ አወቅኋት። ዳማ ናት፤ አሳራፊዋን አሟታል ማለት ነው አልሁ።

ዳማ ከሊማሊሞ ሥር ያለችው የድብ ባሕር ባለ ወፍጮ አያ መኳንንት የሚነዷት አሮጌ እንግሊዝ ሠራሽ ጂፕ ናት። ቀለሟ ቀይ ቡናማ ስለሆነ በአባታቸው ፈረስ ስም ጠሯት። ይቺ ጂፕ ከሌሎቹ የምትለየው ከካምቢዮዋ ጀርባ በተገጠመላት አንድ የብረት ሣጥን ነው። ኦቨርድራይቭ ይባላል። ከነጂው ጉልበት አጠገብ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጓት፣ ጎማው በነበረበት ፍጥነት እየሮጠ ሞተሩ ግን ረጋ ብሎ ይዞራል። ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ፤ እውነት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዝምታው ነው። በአሮጌ ጂፕ የሚሄድ ሰው ጎኑ ለተቀመጠው አንድ ነገር ለመንገር መጮህ አለበት። ኦቨርድራይቩ ሲገባ ያ ሁሉ ጩኸት ይወርድና የሰው ድምፅ ይሰማል። አስተማሪዬ አያ ታከለ ስሙን ትተው "አሳራፊው" ይሉት ነበር፤ ሞተሩንም ሰዉንም ያሳርፋል ሲሉ ነው።

ዳማ ላይ የገጠሙት እሳቸው ናቸው። እኔ ሥራ የጀመርሁት ደባርቅ ከመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ነበር፤ ከዚያ መተማ ወረድሁ፣ ሙቀቱ ቢያቃጥለኝ ተለማምጬ ጎንደር ተዛወርሁ። ጎንደር በነበርሁበት የመንግሥት ጋራዥ ብዙ አለቃ አየሁ። አንዱ ወለሉን በነጭ መሐረብ እያበሰ የሚቆጣ ነበር፤ አንዱ ደግሞ ማኪና ሲፈታ ማየት ስለማይወድ ቢሮውን ዘግቶ ይቀመጣል። ደመወዙ የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ ስለሱ ምን ይወራል። አያ ታከለን ግን ያገኘኋቸው እዚያ ነው፤ ለዚህ ብቻ መንግሥትን አመሰግናለሁ።

አያ ታከለ ቀጭን፣ ነገረ ሥራቸው ሁሉ ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ማርሽ ሲመረምሩ ዓይናቸውን አያምኑም። ባለ ጥርሱን ብረት በክር ያንጠለጥሉትና በነሐስ ዘንግ ጠቅ ያደርጉታል። ደህና ከሆነ ድምፁ ጥርት ብሎ ይቆያል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለው ዱብ ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ መዶሻውን አስቀምጦ ይጠብቃል። እሳቸው ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይቆሙ ነበር። ካምቢዮ ፈትተው ከገጠሙ በኋላም ማኪናዋን ይዘው በአዘዞ አድርገው ወደ እንፍራንዝ ሜዳ ይወርዳሉ። አብሯቸው የገባ ሰው ጣና ብልጭ እስኪል ድረስ መናገር ክልክል ነው። እኔ ወሬ ስለምወድ አፌን ይዤ መቀመጡ ፈተና ነበር፤ ኋላ ግን ለመድሁትና ያን ሜዳ በሕልሜ ማየት ጀመርሁ። ዛሬም አየዋለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከማኪና ያወጡትን ደህና ዕቃ አይጥሉም፣ መጋዘንም አያስገቡም። ዘይት በነከረ ጨርቅ ይጠቀልሉና በሽቦ አስረው ከዚያችው ማኪና ወንበር ሥር ያኖሩታል። ምነው ሲባሉ "ከኛ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ እንደ ተወለደች ሊመልሳት ቢፈልግ በምን ይመልሳት?" ይላሉ። ዳማ ላይ አሳራፊውን ሲገጥሙ ያወጡትን ማርሽና የኋላ ክዳን እንዲሁ ጠቅልለው ከነጂው ወንበር ሥር ሲያስሩ አይቻለሁ።

ያን ቀን ጂፒቱ ግቢዬ ስትገባ አያ መኳንንትና ባለቤታቸው እትዬ ብርቅነሽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንፍራንዝ ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ነው። ከወረዱ በኋላ አያ መኳንንት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በስሜ ጠርተው "ሰጠኝ፣ ዘንጊቱ አልቀመጥ አለች። አስገባታለሁ፣ ትወጣለች" አሉኝ።

ሣጥኑን አውርጄ ፈታሁት። ውስጡ ሁለቱን ጎን የሚያያይዝ ቀለበት አለ፤ እሱ ተበልቷል። ቀለበቱ ሲበላ ዘንጊቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳትሆን መሐል ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ ሞተርና ጎማ ይለያያሉ። ሜዳ ላይ ይኸ ምንም አይደል፣ ማኪናዋ ፍጥነቷ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩ ስለማይዛት ፍሬን ብቻ ይቀራል፤ እነሱ ደግሞ ቤታቸው ለመድረስ ሊማሊሞን መውረድ አለባቸው።

"መለዋወጫው የለም፣ እንግሊዞቹ መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል" አልኋቸው። "አውጥቼ የጥንቱን ማርሽ ልመልስላት። እንደ ተወለደች ትሆናለች።"

"ዘንጊቱን በሽቦ ብናስራትሳ?"

"የተበላው ውስጡ ነው አያ መኳንንት፣ ሽቦ አይደርስበትም።"

እትዬ ብርቅነሽ ጆሯቸው ስለደከመ አፍ አፌን ሲያዩ ቆይተው "ምንድን ነው የሚለው?" ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸው ጠጋ ብለው ጮክ አድርገው ነገሯቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰጠኝ፣ አንተ ቤታችንን ታውቃለህ። ወፍጮው ሲያጓራ ይውላል። እኔ ስንት ዘመን ከሱ ሥር ቆሜ እህል ስቀበል ጆሮዬን በላው። ማታ ወፍጮው ሲቆም ሰውየው ደክሞት ይተኛል። እኔና እሱ የምንጨዋወተው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፣ ይቺ ዘንግ ስትገባ። እንፍራንዝ የምንመላለሰው ልጃችንን ለማየት ብቻ ይመስልሃል?"

አያ መኳንንት መሬት መሬት ያያሉ። ማውጣቱ ትክክለኛው መንገድ እንደሆነ እያወቅሁ፣ አፌ "እስቲ ልሞክር" አለ። ኩራትም ነበረበት፣ አልዋሽም፤ ጡረታ የወጣ እጅ ሥራ ሲያገኝ መመለስ አይፈልግም። ደንበኛዬ ከሆነ ቶርኖ ቤት ሄጄ አዲስ ቀለበት አስቀረጽሁ፣ በእጄ ሞረድሁ፣ በየማርሹ ላይ የአያ ታከለን ክርና ነሐስ ሞከርሁ። ሁሉም ጥርት ብለው ጮኹ። ወንበሩ ሥር እጄን ሰድጄ ጥቅልሉን ዳሰስሁት፤ በቦታው አለ፣ ከብዷል። ደግ ነው አልሁ።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ወጣን። ከማክሰኝት አልፈን ዘንጊቱን ሳብሁ። ጩኸቱ ወረደ። የጤፉ ማሳ ከግራም ከቀኝም በጭጋግ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ እኛ የቆምን መንገዱ የሚሄድ ይመስል ነበር። እትዬ ብርቅነሽ ከመሐል ተቀምጠው ለባላቸው ስለ ልጃቸው ቤት ጣራ ይነግሯቸዋል፣ እሳቸው "እንዴታ" እያሉ ይመልሳሉ። አንድም ቃል አልተደጋገመም። እኔ በአስተማሪዬ ሕግ አፌን ዘግቼ ነዳሁ። ደስ አለኝ። ሕይወቴን ሁሉ ማኪና የጠገንሁት ለዚህ ነው እንዴ ብዬ አሰብሁ።

ከደስታዬ ብዛት ድብ ባሕር ድረስ ሸኝቻቸው ልመለስ አልሁ። መሪውን እኔው ያዝሁ። ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞ ላይ ስንደርስ ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይሸፍናል፣ ይገልጣል። ኦቨርድራይቩን አስወጥቼ ካምቢዮውን ወደ ሁለት አወረድሁ። ሞተሩ እየጮኸ ያዘን፤ ይኸ ጩኸት ለቁልቁለት ሸጋ ነው። የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች እንዲህ ወረድን።

ከዚያ ዝም አለ።

ድምፁ በአንድ ጊዜ ነው የወረደው። ዘንጊቱን አየኋት፣ መሐል ላይ ቆማለች። ዳማ ከሞተሯ ተላቃ መሮጥ ጀመረች። ፍሬን ረገጥሁ፤ ትንሽ ያዘና የተቃጠለ ሽታ መጣ። እትዬ ብርቅነሽ ግን ዝምታውን ሲሰሙ የሚያውቁት ዝምታ መሰላቸው። ወደ ባላቸው ዞረው በለሰለሰ ድምፅ "አሁን ይሰማኛል መኳንንት፣ ምን ነበር ያልኸኝ?" አሉ።

ያን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። አያ መኳንንት እጃቸውን በባለቤታቸው ደረት ላይ ጋርደው ያዟቸው። በግራ ገደል፣ በቀኝ ተራራ ነው። ከፊት ኩርባው ጋ የመንገድ ሠራተኞች የከመሩት ጠጠር ነበር። መሪውን ወደ እሱ ሰበርሁት። ዳማ ጠጠሩን እየቆፈረች ገባችና አፍንጫዋን ተራራው ላይ ደግፋ ቆመች።

ማንም አልተጎዳም። ወርጄ ጠጠሩ ላይ ተቀመጥሁ። እትዬ ብርቅነሽ ከላይ ሆነው "ምነው፣ ምን ሆነ?" ይላሉ። አያ መኳንንት ግንባራቸውን ጠርገው "አሳራፊው ሊያሳርፈን ነበራ" አሉኝ። ሳቅ አልመጣልኝም። እጄ የሠራው፣ ጆሮዬ ያመነው ሥራ ነው ያን ሽማግሌና ያቺን እናት ገደል አፋፍ ያደረሳቸው። ሜዳ ላይ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፤ ቁልቁለት ላይ ጎማው ሞተሩን ይገፋል። ቀለበቴ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አልቻለም። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር፣ ግን በሜዳው ደስታ ፈዝዤ ነበር።

የቀረውን መንገድ አያ መኳንንት ዘንጊቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንዳትወጣ ይዘው፣ እኔ በአንደኛ ማርሽ እየተሳብሁ ወረድነው። ድብ ባሕር ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሳልበላ ተኛሁ።

ሊነጋጋ ሲል አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጥርት ያለ፣ የሚቆይ፣ ቀስ ብሎ የሚጠፋ። አያ ታከለ ማርሽ አንጠልጥለው ጠቅ እያደረጉ ነው አልሁ በእንቅልፍ ልቤ። ካረፉ ዓመታት ማለፋቸውን ረስቼ፣ ተነሥቼ መፍቻ ላቀብላቸው እግሬን ከመደቡ አወረድሁ። ድምፁ እንደገና መጣ። ያን ጊዜ ነቃሁ። ብረቱን አወቅሁት፤ ይኸ ማርሽ ነው፣ ደህና ማርሽ ነው፣ ግን ማን አባቱ በዚህ ሰዓት ማርሽ ይመታል?

ሲነጋ ጥቅልሉን ከወንበሩ ሥር አውጥቼ ፈታሁት። የኋላ ክዳኑ አለ። ማርሹ በነበረበት ቦታ ግን አንድ ድቡልቡል ድንጋይ ተጠቅልሏል። ድንጋዩን አነሣሁት። እትዬ ብርቅነሽ ከበሩ ላይ አዩኝና ፈገግ ማለት ዳዳቸው።

"የኔ ነው" አሉ። "ማርሹን ለስለት ሰጥቼዋለሁ።"

"ለስለት?"

"መኳንንት ታሞ ጎንደር ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ተስዬ ነበር፣ ድኖ ከተመለሰ ለደብራችን ደወል አገባለሁ ብዬ። የደወሉ ድንጋይ ተሰንጥቆ ጊዜው ቆይቷል። እሱ ዳነ፣ እኔ ደወል ከየት ላምጣ? ከወንበር ሥር ብረት ተኝቶ አየሁ። ብመታው ድምፁ እኔ ደንቆሮዋ እንኳ ሰማሁት። ሥራ የሌለው ብረት ነው ብዬ ወሰድሁት፣ ጥቅልሉ እንዳይቀልል ድንጋይ ተካሁበት።"

አያ መኳንንት ድንጋዩን ከእጄ ተቀብለው አገላበጡት። "እንዲያ ነው?" አሉ ብቻ። ባለቤታቸው እንደተሳሉላቸው የሰሙት አሁን ገና ነበር።

ለስለት የገባ ነገር የታቦቱ ነው፤ እንደ ዋዛ ተመልሶ አይወሰድም። ያለ እሱ ደግሞ ዳማ ከዚያ ግቢ አትወጣም። ሦስታችንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ማርሹ ከአንድ ወይራ ቅርንጫፍ ላይ በጠፍር ተንጠልጥሏል፣ ዝገት የለበትም፣ የአያ ታከለ ዘይት ይሁን የካህናቱ እጅ እንጃ። ቄሰ ገበዙ ጉዳዩን ቆመው ሰሙ።

"ለቤተ እግዚአብሔር የገባውን ባዶ እጄን አላወጣም" አሉ በመጨረሻ። "ከዚህ የማያንስ ከመጣ ግን ልለውጥ እችላለሁ። ማነሱን ደግሞ የምትፈርደው ባለ ስለቷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።"

ተመልሼ አሳራፊውን ፈታሁት። ቀለበቱ ነው የማይረባው እንጂ ማርሾቹ ደህና ናቸው። ይዣቸው ወጣሁ። እትዬ ብርቅነሽ ከቅጥሩ በር ወዲያ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ትንሹን አንጠልጥዬ መታሁ። እንደገና መታሁ። "መትተሃል?" አሉኝ። ትልቁን አንጠለጠልሁ። ድምፁ ከፊተኛው ወፈር ይላል፣ ግን ረዥም ነው። እትዬ ብርቅነሽ አልዞሩም፤ ድምፁ እስኪጠፋ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ፣ ልክ እንደ አያ ታከለ።

"ይኸ ሸጋ ነው" አሉ። "ይኸ ይሁን።"

እንዲያ ሆነና የአሳራፊው ትልቁ ማርሽ ወይራው ላይ ቀረ፣ የጥንቱ ማርሽ ወደ ዳማ ተመለሰ። ክዳኑ ዘይት እንዳያፈስ ከሥሩ የሚገባ ጓርኒሲዮን አልነበረኝም፤ አንድ የሳሙና ካርቶን ክዳኑ ላይ አድርጌ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያልሁ እየመታሁ ቆረጥሁት። ዳዶውን አጠበቅሁ፣ ዘይት ሞላሁ። ትንሿ ዘንግ የነበረችበትን ቀዳዳ በጎማ ደፈንሁት። ዳማ ሊማሊሞን ስትወጣም ከዚያ ወዲህ ያለውን ቁልቁለት ስትወርድም እየጮኸች ያዘችን፤ አንድም ጊዜ አልለቀቀችም። ጎንደር ሊያደርሱኝ ሲመጡ እትዬ ብርቅነሽ መንገዱን ሙሉ ፊት ለፊት እያዩ ነበር። አንዴ አያ መኳንንት አንድ ነገር ተናገሩ፣ ባለቤታቸው አልሰሙም፣ እሳቸውም አልደገሙትም። ማራኪ ስወርድ ሁለቱም መረቁኝ። ምርቃቱ ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ የክረምቱን ዝናብ ሁሉ ይህን ነገር ሳብሰለስል ከረምሁ። ባለቤቴ "ነፍሳቸውን አትርፈሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሌሊት በሕልሜ ግን ሜዳው ይመጣል፣ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

አደይ ሲፈነዳ እንፍራንዝ ዘመድ ልጠይቅ በሚኒባስ ወረድሁ። ማክሰኝትን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ፣ ከመንገዱ ዳር ከአንዲት ግራር አጠገብ ቀይ ቡናማ ጂፕ ቆማ አየሁ። ተበላሽታለች፣ ክዳኑ አፍስሷል፣ ካርቶኑ አልያዘም፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። "ወራጅ አለ" ብዬ ጮኽሁ፣ ሰውን እየረጋገጥሁ ወረድሁ።

ከሥሯ ዘይት የለም። ሞተሯ ጠፍቷል፣ በሮቿ ተከፍተዋል። አያ መኳንንትና እትዬ ብርቅነሽ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እትዬ ብርቅነሽ እየሳቁ ነበር።

"ምነው ሰጠኝ፣ ተበላሸች መስሎህ ነው?" አሉ አያ መኳንንት።

"ታዲያ ምን ሆና ቆመች?"

"ምንም አልሆነች። እዚህ ስንደርስ እናጠፋታለን። የምንለውን ተባብለን እንሄዳለን።"

የሚኒባሱ ረዳት እየተነጫነጨ ይጠራኛል። በእጄ ሂዱ አልኋቸው። ዳማ ውስጥ በኋላ በሯ ገብቼ ተቀመጥሁ። ሜዳው ላይ ነፋስ እንኳ አልነበረም፣ ጣና ከሩቅ ጭስ ይመስል ነበር። እትዬ ብርቅነሽ ያቋረጡትን ወሬ ቀጠሉ፤ ስለ አንዲት ጎረቤታቸው በግ ነበር፣ በጓ የወፍጮ ዱቄት ስትበላ ተይዛ የመጣው ጉድ። አያ መኳንንት "እንዴታ" ይላሉ። እኔ አፌን ዘጋሁ።

አያ መኳንንት ቁልፉን የነኩት እትዬ ብርቅነሽ "አሁን በቃኝ፣ እንሂድ" ካሉ በኋላ ነው።